የወላጅ ወንበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ሽኝት አዘጋጅቶልኝ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ወይዘሮ ፎዚያ፣ በደርግ ጊዜ የትምህርት ቤት ኮሚቴ በትእዛዝ ነበር አሉ የሚሾመው፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ግማሹ እውነት ነው» አልኩት። የቀረውን ግማሽ ለመንገር ጊዜ አልነበረም፤ ንግግር ሊደረግ ነበር፣ እኔም ተነስቼ ማመስገን ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ንግግር ስጽፍ ኖሬ የራሴን አንድ ገጽ እንኳ ሳልጽፍ መውጣቴ የታወቀኝ ያን ቀን ነው። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ጅጅጋ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከጎረቤታችን ከወታደር ልጆች ተማርኩ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት አብቅቶ ሰው ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ትምህርት ቤቶቹም ተራ በተራ መከፈት ጀመሩ። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አማርኛ በጽሕፈት መኪና የሚጽፍ፣ ሶማሊኛም የሚሰማ ሰው ፈለገ። ለፈተና ከቀረብነው መካከል ሁለቱንም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደመወዙ የታይፒስት ነው፤ ሥራው ግን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ላንድሮቨር ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ከከተማ ከተማ መዞር ሆነ። በየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ይመረጥ ነበርና አስተርጓሚም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊም እኔው ነበርኩ።

የትምህርት ቤት ኮሚቴ ያኔ ትልቅ ነገር ነው። ዘበኛ ይቀጥራል፣ ክፍል ያሠራል፣ ግቢውን ያስተዳድራል፣ መምህር ሲያጠፋ ለአውራጃ ይጽፋል። አባላቱ ከቀበሌው፣ ከሴቶችና ከወጣቶች ማኅበር፣ ከመምህራንና ከወላጆች ይወጣሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁሉም ተመራጭ ነው። በተግባር ግን ካድሬው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ስም ያነባል፣ «ተቃውሞ ያለው?» ይላል፣ ሰው ዝም ይላል፣ ከዚያ ይጨበጨባል። የቀበሌውና የማኅበራቱ ወንበሮች የሚሞሉት በዚህ መንገድ ነበር። እውነተኛው ትግል የነበረው በሁለቱ የወላጅ ወንበሮች ላይ ነው። እዚያ ላይ ጎሳ አለ፣ የውኃ ጉድጓድ ጠብ አለ፣ ማን ከመንግሥት ጋር እንደቆመ ማን እንዳልቆመ የሚቆጠር ነገር አለ። ከላይ ያሉትም ያንን ያውቃሉ፤ ስለዚህ እነዚያንም ሁለት ወንበሮች በዝርዝር ለመሙላት ይሞክራሉ።

አለቃዬ አቶ ተክሌ ይባላል። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት አስተምሮ በኋላ ወደ ቢሮ ሥራ የገባ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። «ከላይ በመጣው ስም ላይ አልከራከርም፤ አልችልምም። የወላጅ ወንበር ግን የወላጅ ነው» ይል ነበር። ይህንንም የሚያስከብረው በንግግር ሳይሆን በልማዶቹ ነው። ምርጫ ካለ አንድ ቀን ቀድመን እንሄዳለን። እሱ የከብት ገበያው ውስጥ ይገባና ሻይ በወተት እየጠጣ ላገኘው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ነገ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚቆጣው ማን ነው?» የሚነገረውን ስም አይጽፍም፤ በቃሉ ይይዛል። በማግስቱ ስብሰባው ላይ ከሰዎቹ መካከል ይቀመጣል እንጂ ከፊት ጠረጴዛ አይሄድም። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ቃለ ጉባኤው በሁለቱም ቋንቋ ካልተነበበ ማንም እንዲፈርም፣ ማንም አሻራ እንዲያኖር አይፈቅድም። ሾፌሩ በረሃብ ሲያጉረመርም እንኳ እኔ ቆሜ እያንዳንዷን መስመር አነብ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዟችን ቱሊ ጉሌድ ነበር። ስብሰባው እንደተጀመረ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ፣ «ይህ ባለ መነጽር ሽማግሌ እንደ ፍየል ሊቆጥረን ነው የመጣው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደነገጥኩና፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ የመጡበትን ጉዳይ ለማወቅ እንፈልጋለን ይላል» ብዬ ተረጎምኩ።

አቶ ተክሌ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህ ሁሉ ሰው የሳቀው እንኳን ደህና መጡ ስለተባልኩ ነው?»

እውነቱን ነገርኩት። ራሱም ሳቀና ወደ ሰውየው ዞሮ፣ «ፍየል መቁጠር አልችልም፤ የመጣሁት ልጆቻችሁን ልቆጥር ነው» አለ። ይህን ስተረጉም ከመጀመሪያው የበለጠ ተሳቀ፣ ስብሰባውም ተከፈተ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ፎዚያ፣ አንቺ ማሳመር የለብሽም» አለኝ። «ስድብ ከሆነ ስድቡን አምጪልኝ። እኔ የምመልሰው ለሰውየው ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን ተማርኩት ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። የሶማሌ ሽማግሌ ንግግር ሲጀምር ከሩቅ ነው፤ ከድርቅ፣ ከግመል፣ ከአባቱ ዘመን ይጀምርና ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣል። ቸኩሎ የሚያቋርጥ አስተርጓሚ ዋናው ያመልጠዋል። ስለዚህ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ፤ ነጥቦቹን በጣቶቼ እይዛለሁ፤ ክብደት ያለውን ቃል ሶማሊኛውን እንዳለ በፊደል ደብተሬ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። «እንዲህ ይላል» አልልም፤ «እኔ» እያልኩ በራሱ አፍ እናገራለሁ። አቶ ተክሌ ይህን ካየ በኋላ «በትክክል ምን አለ?» እያለ መጠየቁን ተወ።

ትልቁ ጥፋቴ የደረሰው በአራተኛው ዓመት ነው። ከቀብሪበያ ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ የተሳተፉት ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ስላሉ ስሟን አልጠራም። አቶ ተክሌ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ምርጫው ቀኑ ደርሶ ስለነበር ጓድ ፍስሐ ከሚባል ካድሬ ጋር ተላክሁ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከምሳ በፊት ጨርሶ መመለስ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቀድመን አልሄድንም፤ ገበያም አልገባንም። ከኪሱ ባወጣው ወረቀት ላይ ለአንዱ የወላጅ ወንበር የተጻፈው ስም ሙሴ ይላል፤ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ዕቃ እያመጣ የሚያከፋፍል የከተማዋ ትልቁ ነጋዴ።

ስሙ ሲነበብ ከኋላ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አዴር ሮብሌ ይባላሉ፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ብሎ ይጠራቸዋል። እንደተለመደው ከሩቅ ጀመሩ።

«ሙሴ ልጃችን ነው። ንግዱን ያውቃል። በጦርነቱ ጊዜ ሩዝ አካፍሎናል፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን የእሱ ልጆች የሚማሩት ድሬዳዋ ነው፤ እዚህ የሚማሩት የእኛ ናቸው። ይህን ግቢ ለመጋዘን እንደሚፈልገው ከተማው ሁሉ ያውቃል። የወላጅ ወንበር ለእሱ ከሰጣችሁት ልጆቻችንን እናወጣለን።»

አምስቱንም ነጥብ በጣቶቼ ይዤ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በፊት በሌላ ከተማ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ከዚህ ያነሰ ተናግሮ ተወስዷል። «ልጆቻችንን እናወጣለን» የሚለው ካድሬው ጆሮ ሲደርስ ማሳደም እንደሚባል አውቃለሁ። የሽማግሌውን ቀጭን እጅ አየሁ።

«ሙሴ ልጃችን ነው፣ ንግዱን ያውቃል፣ በጦርነቱ ጊዜ ሩዝ አካፍሎናል፣ እናመሰግነዋለን ይላሉ» አልኩ።

«በቃ?» አለ ጓድ ፍስሐ። «ብዙ ነው እኮ የተናገሩት።»

«ሽማግሌ ስለሆኑ ይደጋግማሉ።»

አዴር ሮብሌ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። እጅ ያወጣው ጥቂት ሰው ነበር፤ ጓድ ፍስሐ «በሙሉ ድምፅ ብለሽ ጻፊ» አለኝ፤ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤውን አላነበብኩም። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ሰው ከእስር አዳንኩ ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ከርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ክፍሎች «ለጊዜው» ተብለው በሩዝና በስኳር ጆንያ ተሞልተዋል። አራተኛ ክፍል ውስጥ ሰባት ልጅ ቀርቷል፤ ሦስተኛ ክፍል ተዘግቷል። ልጆቹ አልታመሙም፣ ቤተሰቦቻቸውም ለግጦሽ አልሄዱም፤ ወላጆች ዝም ብለው አስቀርተዋቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መምህራኑን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ትምህርት ቤቱን ስለ መዝጋት ይወራ ጀመር። የርዕሰ መምህሩን ደብዳቤ ለፋይል በሦስት ኮፒ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ተክሌ ከሕክምና ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው የዚያችን ከተማ ቃለ ጉባኤ ነው። ቆሞ አነበበው።

«ስብሰባው ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ።»

«እኚህ ሽማግሌ ተነስተው የተናገሩት ይህችን አንድ መስመር ብቻ ነው?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጠይቆ እስኪያወጣጣኝ አልጠበቅሁም፣ ነገርኩት። ለምን እንዳደረግሁትም ነገርኩት። አልተቆጣም። ባዶ ወረቀት ገፋልኝና፣ «የተናገሩትን እንዳለ ጻፊ» አለኝ። አምስቱንም ነጥብ ጻፍኩ። አንብቦ ሲጨርስ፣ «እኚህ ሰው ይህን ሲናገሩ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል አያውቁም ነበር ብለሽ ነው?» አለኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«መጀመሪያ ሄደሽ ለእሳቸው ንገሪ» አለ። «ከዚያ በኋላ የምናደርገውን እናያለን።»

ወተት በሚያመላልስ መኪና ሄድኩ። አዴር ሮብሌን በራቸው ላይ ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ፣ «አዴር፣ የዚያን ቀን ንግግርዎን አጉድያለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም ፍርጥም ባለ አማርኛ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ሐረር ዘበኛ ነበርኩ። እሰማለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? እንዲህ አላልኩም ለምን አላሉም?»

ወደ ሶማሊኛ ተመለሱ። «ያንን ብል ምን ያደርጉሽ ነበር? መንግሥት ፊት ቃል ሰረቀች ይሉሻል። ልጅ ነሽ። እንዳያስሩሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

በትራቸውን አጠገባቸው አኖሩ። ከዚያ እሳቸው፣ «እኔ አንቺን፣ አንቺ እኔን ስንደብቅ ልጆቹ ቤት ቀሩ» አሉ።

አቶ ተክሌ መመሪያዎቹን አገላብጦ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፣ የወላጅ ተወካይ በትምህርት ቤቱ የሚማር ልጅ ያለው መሆን አለበት ይላል። ሁለተኛው፣ በቃለ ጉባኤ ላይ ስሕተት መኖሩን ጸሐፊው ራሱ በጽሑፍ ካመነ ስብሰባው እንደገና ይጠራል ይላል።

«የመጀመሪያው ብቻ አይበቃም?» አልኩት።

«ስብሰባ የሚያስጠራው ሁለተኛው ነው።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ዝም ማለት።»

ስሕተቱን የማምንበትን ደብዳቤ እዚያው በራሴ የጽሕፈት መኪና ጽፌ ፈረምኩ። ማታ ለአባቴ ስነግረው ጨርቁን ከስፌት መኪናው ላይ ሳያነሳ ጥቂት አሰበና፣ «ካሰሩሽ ስንቅ አመላልሳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ሁለተኛው ስብሰባ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ተደረገ። ሰው ከመጀመሪያው እጥፍ ነበር፤ ሴቶችም መጥተዋል። ጓድ ፍስሐ ከሁለት ሰዎች ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ አቶ ተክሌ እንደ ልማዱ ከሰዎቹ መካከል። ተነስቼ መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ያን ቀን የተባለውን እንዳለ ተናገርኩ። መጋዘኑንም፣ ልጆቻችንን እናወጣለን የሚለውንም።

ጓድ ፍስሐ ፊቱ ጠቆረ። «ስለዚህ የፈረምኩበት ቃለ ጉባኤ ሐሰት ነው?»

«አዎ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወደ አዴር ሮብሌ ዞረ። «እርስዎስ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው በአማርኛ መለሱለት። «አንተ እኔን አልጠየቅክም። እሷን ነው የጠየቅከው።»

ከሴቶቹ በኩል ትንሽ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ዝም አለ። አቶ ተክሌ ተነስቶ የመመሪያውን አንቀጽ አነበበ፤ የማን ማኅተም እንዳለበትም አሳየ። ጓድ ፍስሐ ወረቀቱን ወስዶ ሁለቴ አየው። የራሱ አለቆች ማኅተም ነበር። ከዚያ ወደ ሙሴ ዞሮ፣ «እዚህ የሚማር ልጅ አለህ?» አለው።

ሙሴ ብልህ ሰው ነው። «የለኝም። ስሜን የጻፈው ሰው አልጠየቀኝም» አለ። «ዕቃዬን ለማውጣት አንድ ሳምንት ስጡኝ።»

ምርጫው እንደ አዲስ ነበርና ሁለቱም የወላጅ ወንበሮች በግልጽ ድምፅ ተሞሉ። አንዱ ለአዴር ሮብሌ፣ እንደ ልጅ የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ይማሩ ነበርና። ሌላውን ያገኘችው ደሃቦ የምትባል ወተት ነጋዴ ናት፤ ሦስት ልጆች እዚያ ነበሯት፤ አቶ ተክሌ አንድ ቀን ቀድሞ ገበያ ሲጠይቅ ከሁሉም አፍ የወጣው የእሷ ስም ነው። አንድ ሁለት ወንዶች አጉረመረሙ፤ እጅ ሲቆጠር ግን የራሳቸው ሚስቶች እጅ ወጥቶ ስለነበር ዝም አሉ። ቃለ ጉባኤውን በሁለቱም ቋንቋ አነበብኩ፤ ማንም ሰው ምሳ አላለም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ተከፈተ። እኔ አልታሰርኩም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አንድ ዓመትም ከጉዞ ታግጄ ጽሕፈት መኪና ላይ ብቻ ተቀመጥኩ። ተገቢ ቅጣት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ወደ ጉዞ ስመለስ ጓድ ፍስሐ ራሱ፣ «እሷ ትምጣ፤ የምትለው እውነት መሆኑን አውቃለሁ» ማለቱን ሰማሁ።

አቶ ተክሌ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሄደ። ያቺ ከተማ ግን ከእጄ አልወጣችም። ከሐርጌሳ በኩል ሰው በጦርነት ሸሽቶ አገሩን ሲሞላው፣ ስደተኛ ልጆችን ስለ መቀበል ከላይ ምንም መመሪያ ገና አልመጣም ነበር። ደሃቦና አዴር ሮብሌ ማንንም ሳይጠብቁ ልጆቹን በፈረቃ አስገቧቸው፤ ለእኛ የነገሩን ካስገቡ በኋላ ነው።

መንግሥቱ በወደቀ ጊዜ የእኛ ጽሕፈት ቤት ተዘጋ። አለቆቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ በየቦታው ትምህርት ቤት ተዘረፈ፤ በር እንኳ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ሦስት ሳምንት ቤት ተቀምጬ ሰለቸኝና በሚኒባስ ወደዚያች ከተማ ሄድኩ። መንገድ ላይ ባዶ ክፍል ለማየት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

ስደርስ ሰው በግቢው በር ዴስክ ይዞ ሲገባ አገኘሁ። በራሳቸው ላይ የተሸከሙ፣ በአህያ የጫኑ፣ አንዱም በግመል። ሁከቱ ሲጀመር ደሃቦ እያንዳንዱ ወላጅ አንድ አንድ ዴስክ ቤቱ ወስዶ እንዲጠብቅ አድርጋ ነበር፤ ዛሬ ይመለስ ብላ ደግሞ አስጠርታለች። እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰላምታ እየሰጠች ታስገባለች። ርዕሰ መምህሩ፣ በእነዚህ ዓመታት ሶማሊኛን አንደበቱ አድርጎ የለመደው የሐረር ሰው፣ ክፍሎቹን ይጠርጋል።

ዴስኩ ገብቶ ሲያልቅ ሰው እዚያው ተቀመጠ። አዴር ሮብሌ በዚያ ዓመት ሞተው ስለነበር ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ሊሞሉት ነበር የተሰበሰቡት። ካድሬ የለም፣ ዝርዝር የለም፣ ከአውራጃ የመጣ ማንም የለም። እኔ በልማዴ ደብተሬን አውጥቼ ወደ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

ደሃቦ አየችኝ። «እህቴ፣ ለማን ልታስተረጉሚ ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። እዚያ የነበረው ሁሉ የሚነገረውን የሚሰማ ሰው ነው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝና በዴስኩ ላይ ጠጋ አለችልኝ።

ተቀመጥኩ። ሁለት ሰው ተጠቆመ፣ ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ሳቁ፣ እጅ ተቆጠረ። ሰኞ ትምህርት እንዲጀመር ወሰኑ። እስከ መጨረሻው እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ፤ አንድም ቃል አልተረጎምኩም።